ሳታስነካ ቅዳ

ሻይ እሸጣለሁ፤ ትንቢት ግን በነፃ ነው። ሰፈራችን ሊያሪ ውስጥ ስለ ቡጢ የማያወራ ሰው ካገኛችሁ ወይ ገና አፉን አልፈታም ወይ ትናንት ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው። ሁሉም ይገምታል፤ ግምቱ የሚይዝለት ግን እኔ ሸምበ ብቻ ነኝ። ጉራ መሰላችሁ? ሻይ ቤቴ ግድግዳ ላይ ያለውን ጥቁር ሰሌዳ ጠይቁ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የዋናውን ግጥሚያ ውጤት አንዴም ስቼ አላውቅም።

የሰሌዳው ሕግ አጭር ነው። የግጥሚያ ሳምንት ሲደርስ ተጋጣሚዎቹ በጠመኔ ይጻፋሉ። ግምቱን የሚሰጥ ሰው ቃሉን እስኪጨርስ መዳፉን የጋለ በራድ ላይ ያደርጋል፤ ስለዚህ ማንም ነገር አያንዛዛም። የተሳሳተ ይሳቅበታል፤ በቃ። ቃሉን በገዛ እጁ ከሰሌዳው ያጠፋ ግን ሪዙን ይላጫል፣ እስከሚቀጥለው ግጥሚያም ሳያበቅል ይቆያል። የእኛ የባሉች ብሔር ወንድ ደግሞ ሪዙን ከሚላጭ ጣቱን ቢቆርጡት ይመርጣል። ሰሌዳው ከተሰቀለ ጀምሮ ያጠፋ የለም።

ያን ሰኞ ለዓርብ ስድስት ግጥሚያ ተጽፎ ነበር። ጉሉ እንደ ልማዱ ምላጩን ኪሱ ከትቶ ከጎረቤት መጣ። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቡጢኛን የሚገምተው በማጅራቱ ነው። ዳዱ ደግሞ ጋሪውን በር ላይ አቁሞ ገባ። እሁድ እሁድ አህያ ያሽቀዳድማል፣ ስለዚህ ሰውንም የሚያየው ከባቱ ጀምሮ ነው።

«የመጀመሪያውን ግጥሚያ ቀይ ማዕዘን ይወስዳል» አለ ጉሉ። «ማጅራቱን ባለፈው ሳምንት ላጭቼዋለሁ። የኮርማ ነው።»

«ባቱስ? የዶሮ ባት ይዞ የኮርማ ማጅራት ምን ያደርግለታል?»

«አንተ ሰውን ከአህያ ሳትለይ ልትሞት ነው።»

«አህያዬ ባለፈው እሁድ አንደኛ ወጥታለች። ያንተ ደንበኛ ግን ያን ቀን የተቆረጠ ጆሮውን ይዞ ከሱቅህ ሲወጣ አይቼዋለሁ።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እንዲህ እየተነካከስን አምስቱን ጨረስን። ስድስተኛው ሲደርስ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፣ ምክንያቱም ስድስተኛው ባላች ነበር።

ባላች የእህቴ የማህጋንጅ ልጅ ነው። አባቱን ባሕር በላው፤ እናቱ ወደቡ ላይ ዓሣ ስትበልት ጣቷ አልቆ አሳደገችው፤ ጓንት ደግሞ እኔ አጠለቅሁለት፣ በሰባት ዓመቱ። አሁን ሃያ ሁለት ሞላው። ዓርብ የሚገጥመው የኩዌታ ከተማውን ሙርታዛን ነው። ሙርታዛ ቀኙን ከሩቅ አምጥቶ ነው የሚወረውረው፤ ያረፈበት ሰው አይነሳም። ከሁለቱ ያሸነፈው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቡድን ይቀጠራል። የወር ደሞዝ፣ ቤት፣ ሲያረጅ ጡረታ። ማህጋንጅ ከዚያ ወዲያ ቢላዋ አትይዝም ማለት ነው።

መዳፌን በራዱ ላይ አደረግሁ። «ባላች። በሦስተኛው ዙር። በዝረራ።»

ጉሉ ጻፈው። ዳዱ ብድግ ብሎ ጨፈረ። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ሐሙስ ከአስር ሰዓት ሶላት በኋላ ባላች ለመታየት መጣ። ይህም ልማዳችን ነው፦ ቡጢኛ ከግጥሚያው ዋዜማ መጥቶ ለገማቾች ሻይ ይቀዳል። በራዱን እስከ ትከሻው ያነሳና ቀጭን አድርጎ ያወርደዋል፤ እኛ እጁን፣ ትከሻውን፣ ትንፋሹን እናያለን። የሚንቀጠቀጥ እጅ ከሻይ አይደበቅም። ልጁን ካየሁት ሦስት ሳምንት አልፎኝ ነበር። ኢስላማባድ ልምምድ ላይ ሰንብቶ ገና ማለዳ መግባቱ ነው።

ያምራል። ሆዱ ገብቷል፣ አንገቱ ወፍሯል። ሰው እየተሻማ አቀፈው። በራዱን ሰጡት፤ ጉሉ ስኒውን ዘረጋለት። ባላች የበራዱን አፍ መጀመሪያ ከስኒው ከንፈር ጋር ቀጭ አደረገው፤ ከዚያ ነው ከፍ አድርጎ ያወረደው። ጠብታ አልፈሰሰም። ለዳዱም ቀጭ አድርጎ ቀዳ፤ ለሦስተኛውም እንደዚያው።

«እይ! እይልኝ!» አለ ዳዱ ጭኑን እየመታ። «የሸምበ አቀዳድ! ቁርጥ አጎቱን!»

«ደም አይደል እንዴ» አለ ጉሉ። «አጎቱን ለማክበር እኮ ነው። አላህ ይባርክህ ልጄ!»

ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ።

እውነት ነው፣ ይህ የእኔ አቀዳድ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስነክቼ ነው የምቀዳው፣ ሰፈሩም ስልት መስሎት ጎረምሳው ሁሉ ይኮርጀኛል። ስልት አይደለም። ግራ ዓይኔ አያይም። በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው ስኒው የቱ ጋ እንዳለ ርቀቱ ይጠፋዋል፤ ስለዚህ በነካ ያውቃል። ልጄ ባላች በአስራ አምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አስነክቶ ቀድቶ አያውቅም።

ዓይኔን ላምባ ምድጃ ፈንድቶ ነው ያጣሁት ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ። ውሸት ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ፣ ከሰሌዳው አጠገብ፣ አበባ አንገቴ ላይ አጥልቄ የምስቅበት ፎቶ አለ። ያን ቀን ለቡጢ ግጥሚያ ስገባ ግራ ዓይኔ ላይ ጥቁር መጋረጃ መውረድ ጀምሮ ነበር። አሰልጣኜ ያውቃል። «ታሸንፋለህ፣ ግባ» አለኝ። ገባሁ፤ አሸነፍኩ። በአርባ ቀኑ ዓይኔ ጠፋ። ሰው ያንን ፎቶ እያየ ሲኮራብኝ እውነቱን መናገር አቃተኝ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።

«ባላች፣ ና ስኳር አቀብለኝ» አልኩና ወደ ጓዳ ገባሁ። ተከተለኝ። መጋረጃውን ጎትቼ ቀኝ ዓይኑን በመዳፌ ከደንኩት።

«ስንት ጣት ነው?»

እጄን መነጨቀው። «ናኮ፣ ምን ሆነሃል?» ናኮ የሚለኝ አጎቴ ለማለት ነው።

«መጋረጃው ከወረደ ስንት ቀን ሆነው?»

ደነገጠ። «መጋረጃ... ማን ነገረህ?»

«ስንት ቀን? ብዬሃለሁ!»

«አስራ ሁለት። መጀመሪያ ብልጭ ብልጭ ይል ነበር። አሁን በዚህ በኩል ጨለማ ነው።» በግራ በኩል በእጁ አሳየኝ። «የግጥሚያው ሐኪም ሲመረምረኝ ዓይንህን ሸፍን አለኝ፤ በጣቶቼ መካከል አየሁ።»

«የሙርታዛ ቀኝ እኮ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው! አታየውም!»

«እሰማዋለሁ።»

«ቡጢ አይሰማም፣ አንተ የማትረባ! አንዴ ካረፈችብህ ዓይኑ አለቀለት። ለዘላለም!»

እጄን ያዘኝ። እጁ ትኩስ ነበር። «ናኮ፣ ሦስት ዙር ነው። ዘጠኝ ደቂቃ። ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ዝም በልልኝ። አፈር ስሆን። ከዚያ በኋላ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ፣ ወላሂ እሄዳለሁ። እናቴ ጠዋት ስመጣ ምን እያደረገች ነበር መሰለህ? የምንገባበትን ቤት በር ምን ቀለም እንደምትቀባው እየነገረችኝ ነበር።»

«ዓይንህ ከጠፋ በሩን በምን ልታየው ነው?»

«በአንዱ አየዋለሁ። አንተስ በምድጃ ዓይንህን አጥተህ ሠላሳ ዓመት አልኖርክም? ሞትክ? አልሞትክም።»

ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። አልነገርኩትም፤ አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት የተኛ ውሸት በአንድ ጊዜ አይነቃም።

«ለእናቴ ብታወራ» አለኝ መጋረጃውን እየገለጠ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አጎት የለኝም።»

ወጣ። ብልጥ ነው፤ ዝም ማለት እንደማልችል ስለጠረጠረ አፌን በሰው ፊት ሊያስር ፈለገ። ሰሌዳው ሥር ቆሞ ጮክ ብሎ፣ «ወንድሞቼ፣ ነገ ከመግባቴ በፊት የናኮን ቃል ከአፉ ልስማው!» አለ።

ሰው ይህን ሲሰማ አበደ። «በራዱ ላይ! በራዱ ላይ!» እያሉ ጠረጴዛ ይደበድቡ ጀመር። ዳዱ በራዱን ከእሳቱ አንስቶ ፊት ለፊቴ ከች አደረገው፤ ገና እየተንተከተከ ነበር።

መዳፌን አስቀመጥሁበት።

ባላች ዓይኔን ዓይኔን ያየኛል። ሦስት ቃል ነው የሚፈልገው። ባላች፣ ሦስተኛው ዙር፣ ዝረራ። እላቸዋለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ፊቴ ድቅን ያለው አሰልጣኜ ነው፣ አላህ ይማረው፤ ጫማዬን እያሰረልኝ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ታሸንፋለህ» ሲለኝ። መዳፌ መቃጠል ጀመረ።

«ተናገር እንጂ ሸምበ!» አለ ጉሉ።

«ልትጠብሰው ነው እንዴ?» አለ ሌላው። ሳቁ። መዳፌን አላነሳሁም። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ባላች ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ «ናኮ፣ በሞቴ» አለኝ።

እጄን ከበራዱ አነሳሁ፣ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፣ በተቃጠለው መዳፌ ስድስተኛውን መስመር ጠረግሁት። ስሜም ቃሌም አብረው ጠፉ። ያ ሁሉ ሰው ባለበት ቤት የጠመኔው አቧራ ሲወርድ ብቻ ነው የሚታየው።

ከዚያ ጉድ ፈላ። ዳዱ መጀመሪያ ደረሰብኝ፤ አንገትጌዬን ያዘ። «ኩዌታዎች ስንት ሰጡህ? ንገረን! የገዛ እህትህን ልጅ!»

«ቃል የእምነት ዕዳ ነው ብለህ ያስተማርከን አንተ አይደለህ እንዴ!» ይላል አንዱ። «ሪዙን! ሪዙን!» ይላል ሌላው። ጉሉ ምላጩን ከኪሱ አውጥቶ እጁ ላይ ይዞታል፣ ፊቱ ግን የለቅሶ ቤት ፊት ነው።

«ሪዜን ነገ ትላጨዋለህ» አልኩት። «ሕግ ነው፤ አልሸሽም። ዳዱ፣ ልብሴን ልቀቅ፣ የአህያ ልጓም አይደለም። አሁን ልጁ ሻይ ይቀዳልኝ። ለሁሉም ቀዳ፣ ለእኔ አልቀዳም።»

ስኒ አነሳሁና ክንዴን እስከ መጨረሻው ዘረጋሁ። «ቅዳልኝ ባላች። ሳታስነካ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እጄ ደክሟል።»

«ቅዳለት!» ጮኹ። «ቅዳና አሳፍረው! ምን ያስፈራሃል?» አላወቁም፤ እነሱ እየደገፉት ነው። ባላች ዙሪያውን አየ። መውጫ የለም። በራዱን አነሳ፣ እስከ ትከሻው አወጣው፣ አንገቱን ትንሽ ወደ ግራ አዞረ። እኔም እንደዚያ ነው የማዞረው።

ሻዩ ከስኒው ወዲህ ወረደ፤ አንጓዬ ላይ። ቆዳዬ ተላጠ፣ ስኒውን ግን አልነቀነቅሁም። በራዱን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። አሁን ከስኒው ወዲያ ዘለለና አጠገቡ በቆመው በዳዱ ጭን ላይ ፈሰሰ። ዳዱ ጮሆ ሊሳደብ አፉን ከፈተ፤ የልጁን ፊት ሲያይ ግን ስድቡን ዋጠው። በስኒው ውስጥ አንዲት ጠብታ የለችም።

«ክብደት ስለቀነሰ ነው» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ ድምፁ ግን ራሱንም አላሳመነውም።

ፎቶውን ከግድግዳው አወረድሁና ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። «ምድጃ የሚባል ነገር አልፈነዳም» አልኩ። «ዓይኔን ያጠፋኋት በዚህ ቀን ነው። መጋረጃ እየወረደብኝ ገባሁ። የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ዝም አለኝ። እኔ የማስነካው ስለማላይ ነው። እሱም አሁን የሚያስነካው ስለማያይ ነው። እናንተ ደግሞ አጨበጨባችሁ።»

ጉሉ ፎቶውን አንስቶ አየና፣ «ታዲያ እኔ ሠላሳ ዓመት ያንን ምድጃ ስረግም የኖርኩት በነፃ ነው?» አለ። ሊያስቀን ፈልጎ ነበር፤ ምላጩን ግን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ባላች በራዱን አስቀመጠ። እያለቀሰ ነበር፤ ከሁለቱም ዓይኖቹ። «ገደልከኝ ናኮ» አለኝና ሰዉን በትከሻው እየገፋ ወጣ። ከሁሉ የባሰው በግራ በኩል ያለው የበሩ መቃን ነው፤ ሳያየው ገጨው።

ማህጋንጅ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣች፣ የዓሣ ቅርፊት እጇ ላይ እንዳለ። ሰው ነግሯት ነበር። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች።

«በሐሩር ቀን ዓይንህን በጨርቅ ሳጥብልህ» አለች፣ «ምድጃ እያልክ ስትዋሸኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ሌላ ቀን እጣላሃለሁ። አሁን የዓይን ሐኪም የት ነው?»

ዓርብ ሙርታዛን ባዶ መድረክ ላይ አቁመው እጁን አነሱለት። መሥሪያ ቤቱም እሱን ወሰደ። ያኔ ባላች ዓይን ሐኪም ቤት ተራ እየጠበቀ ነበር። እኔ ደግሞ ጉሉ ወንበር ላይ ነበርኩ። ሰው ሊያይ ተሰብስቦ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ጉሉ ሲላጨኝ ሁለት ቦታ ቆረጠኝ። ከዚያ በኋላ በየዓርቡ ላጨኝ፤ ሕግ ሕግ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ቅዳሜ ሆነ። ሐኪሙ ተስፋ አለ እንጂ ቃል አልሰጠም። ማህጋንጅ ምግብ እየወሰደች ወሬ ታመጣልኛለች፦ ዛሬ ብርሃን አየ፣ ዛሬ ጥላ አየ። «እኔንስ አንስቶ ያውቃል?» እላለሁ። «ስምህ ሲነሳ ፊቱን ያዞራል» ትለኛለች። አምስት ሳምንት ሻይ ቀዳሁ፤ እያስነካሁ። አሁን ሲያዩኝ ማንም አይስቅም፣ ማንም አይኮርጀኝም።

በስድስተኛው ሳምንት ሌላ ግጥሚያ ደረሰ። ጉሉና ዳዱ ሰሌዳው ሥር ስለ አንድ ልጅ ማጅራትና ባት ሲጨቃጨቁ ድንገት ወደ በሩ ዞሩ። ዞር ስል ባላች በሩ ላይ ቆሟል። ጥቁር መነጽር አድርጓል። ሰላምታ አልሰጠም። ቀጥ ብሎ መጣና በራዱን ከእጄ ወሰደ።

ሳላስበው ስኒ አንስቼ ክንዴን ዘረጋሁ። መነጽሩን አወለቀ። በራዱን እስከ ትከሻው አነሳ። አላስነካም። አንዲት ጠብታ አውራ ጣቴ ላይ ወደቀች፣ ቀሪው ሁሉ ቀጥ ብሎ ስኒው ውስጥ ገባ። ዳዱ ትንፋሹን ይዞ ነበር መሰለኝ በረጅሙ ተነፈሰ።

ባላች በራዱን አስቀመጠ። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ከደነና በግራው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይታይሃል?» አልኩት።

«ብዥ ይላል። ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይሻለውም አለ፤ ቡጢም አብቅቷል።» መዳፉን አላነሳም። «ሪዝ እንደሌለህ ግን ይታያል። ታስጠላለህ ናኮ።»

ጉሉ ነው መጀመሪያ የሳቀው። እኔ ልስቅ ስል እንባ ቀደመኝና የቀዳልኝን ሻይ በሙሉ ልብሴ ላይ ደፋሁት። ባዶውን ስኒ መልሼ ዘረጋሁለት።

«ድገመኝ» አልኩት።